ልክ ሆኜ የጠየቅኩት ይቅርታ

የጅግጅጋ ነፋስ ጣሪያችንን ሲያንኳኳ ስሰማ ዛሬም ደሜ ይፈላል። በበጋው ምሽቶች፣ ቆርቆሮው እንዲያ እየተንኳኳ፣ ለመንግሥት ሥራ ከደብረ ማርቆስ ተዛውሮ የመጣው አባቴ አጠገቡ አስቀምጦ እንግሊዝኛ ያስተምረኝ ነበር። ጃኬቱን እያወለቀ «ቴክ ኦፍ»፣ መልሶ እየለበሰ «ፑት ኦን» ይልና፣ «ፑት ኦፍ ግን ሌላ ነው፤ ነገርን ለሌላ ቀን ማስተላለፍ ነው፤ እንዳይምታታብሽ» ይለኝ ነበር።

በልጉ ሲገባ፣ ሰባተኛ ክፍል ሳለሁ፣ የእንግሊዝኛ መምህራችን ጋሽ ታደለ «ፑት ኦፍ ማለት ልብስ ማውለቅ ነው» ብለው ሰሌዳ ላይ ጻፉ። ጋሽ ታደለ የአባቴ አገር ልጅ ነበሩ፤ እሑድ እሑድ ምሳ የሚበሉት እኛ ቤት ነበር። እጄን አውጥቼ «ጋሼ፣ እሱ ቴክ ኦፍ ነው» አልኩ። ክፍሉ ሳቀ። እሳቸው ፊታቸው ጠቁሮ እስኪደወል አንበረከኩኝ፤ ከዚያ ወዲያም ስሜን ትተው «ፑት ኦፍ» ይሉኝ ጀመር።

ለአባቴ ስነግረው ተነሥቶ ትምህርት ቤት የሚሄድልኝ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን «ነገ ይቅርታ ጠይቂያቸው» አለኝ።

«አባዬ፣ ያስተማርከኝ አንተ አይደለህ? ተሳስቻለሁ?»

«አልተሳሳትሽም። ግን በዚህ ከተማ ያለን ዘመድ እሳቸው ብቻ ናቸው።»

በማግስቱ ክፍሉ ፊት ቆሜ «ተሳስቻለሁ» አልኩ። ወንበሬ ላይ ስመለስ፣ አጠገቤ የምትቀመጠው ሆዳን «ወላሂ፣ አልተሳሳትሽም» ብላ አንሾካሾከችልኝ።

እሑድ ጋሽ ታደለ ለምሳ መጡ። ሳስታጥባቸው «ፑት ኦፍ፣ ደኅና ነሽ?» ብለው ሳቁ፤ አባቴም አብሯቸው ሳቀ። የእሱ ሳቅ ከመንበርከኩ በላይ አንገበገበኝ። ማስታጠቢያውን መሬት አስቀምጬ «ስሜ ሕይወት ነው» አልኩና ወጣሁ። አባቴ ሊከተለኝ ሲነሣ፣ እናቴ በሩ ላይ ቆማ «ከነካሃት እኔም እወጣለሁ» ስትለው ሰማሁ።

ክረምቱ ሲገባ አባቴ የእንግሊዝኛ መጽሐፉን ይዞ እንደ ወትሮው ጠራኝ፤ «ሥራ አለብኝ» አልኩት። ደጋግሞ ጠራኝ፣ ደጋግሜ እምቢ አልኩ፣ በመጨረሻም መጥራቱን ተወ።

ዛሬ እዚሁ ጅግጅጋ፣ ኮሌጅ እየተማርኩ፣ ለጀማሪዎች እንግሊዝኛ አስጠናለሁ። ስሳሳት ተማሪዎቼ ስልካቸውን አውጥተው ያርሙኛል፤ ያናድደኛል፣ ያሳፍረኛልም፣ ግን አጥፍቼ አስተካክዬ እጽፋለሁ። አባቴ ሸብቷል። ያኔ በጋሽ ታደለ ፊት «ልጄ ልክ ናት» የምትል አንዲት ቃል ከአፉ እጠብቅ የነበርኩት እኔ ነበርኩ፤ አሁን እሱ «ይቅር ብዬሃለሁ» የምትል ቃል ከእኔ የሚጠብቅ ይመስለኛል። አብረን እንበላለን፣ እንሳሳቃለንም፤ እንግሊዝኛ ግን ቤታችን ውስጥ አይነሣም።