ደህናውን ተንሳፋፊ ለእኔ የሰጡት ጋሼ አለምነው

የባዮሎጂ መምህራችን አቶ አለምነው ከእኛ መለየታቸውን ደብረ ማርቆስ ያላችሁ ሰምታችኋል። በየቦታው ለተበተናችሁ ተማሪዎቻቸው ግን ወሬው ተዛብቶ ሳይደርሳችሁ አይቀርም። ያረፉት ታመው አይደለም፤ ከከተማው ወጣ ብሎ ባለው የመስኖ ግድብ ውስጥ ነው። አብሬያቸው ስለነበርኩ የሆነውን መናገር የእኔ ድርሻ ሆኗል።

ጋሼ አለምነው መጀመሪያ አስተማሩኝ፤ ኋላም ባልደረባቸው ሆንኩ። ጡረታ ሲወጡ ዓሣ ማጥመድ ጀመሩ። ትል አይጠቀሙም ነበር፤ ከዶሮ ላባና ከበግ ፀጉር ዝንብ የምትመስል ነገር መንጠቆ ላይ አስረው በረጅም ዘንግ ይወረውሯታል። የሚንሳፈፉት በአየር በተሞላ መቀመጫ ነበር። እግር ውሃ ውስጥ ይሆንና በመቅዘፊያ ጫማ እየገፉ ወደ ኋላ ይሄዱበታል። የያዙትን የቀረሶ ዓሣ ሆስፒታል ለሚሰነብቱ የገጠር አስታማሚዎች ይሰጡ ነበር። «ለበሽተኛው ሁሉም ያመጣል፤ አስታማሚውን ማን በላህ ይለዋል?» ይሉ ነበር።

ሁለት ተንሳፋፊ ነበራቸው። አንዱ ለጥናት መጥቶ የነበረ እንግዳ የተወላቸው ሲሆን አየሩ በሁለት ክፍል ይሞላል። ሌላው በጭነት መኪና ጎማ ከመነዳሪ ላይ ሸራ ሰፍተው ራሳቸው የሠሩት ነው። ስለ ምርጫ የጠየቃቸውን ሁሉ፣ «ቀለሙን ተወው፤ ስንት ቦታ እንደሚነፋ እይ። አንዱ ቢተነፍስ ሌላው ያወጣሃል» ይሉት ነበር።

ባለፈው ቅዳሜ እኔ ለመጀመሪያ ጊዜ ውሃ ልገባ አብረን ሄድን። ጋሼ የሁለቱንም ስፌት በሳሙና ውሃ እያራሱ አረፋ የሚያወጣ ቀዳዳ እንዳለ ፈተሹ። ከዚያ ባለሁለት ክፍሉን ወደ እኔ ገፉት። ያላቸውን አንድ የሕይወት አድን ጃኬትም በእጃቸው አሰሩልኝ።

«እርስዎስ ጋሼ?»

«እኔና ከመነዳሪው ተላምደናል። አንቺ ጀማሪ ነሽ፤ ግቢ።»

መከራከር ነበረብኝ። ደስ ብሎኝ ገባሁ።

ከቀትር በኋላ ነፋስ ወደ እኛ ዳርቻ ይነፍስ ጀመር። «ውጪ! እኔ ከኋላሽ ነኝ!» አሉኝ። ነፋሱም እየገፋኝ ወጣሁ። ዞር ስል ከመነዳሪው በአንድ ጎኑ ሟሽሾ፣ ጋሼ እስከ አንገታቸው ውሃ ውስጥ ነበሩ። ግንድ ወግቶት ይሁን መነፊያው ተላቅቆ፣ እስከ ዛሬ አላወቅሁም። እንዳይርሱ የለበሱት የጎማ ሱሪ ውሃ ሞልቶ ወደ ታች ይጎትታቸው ነበር።

ተመልሼ ገባሁ። «አትምጪ!» አሉኝ። እግሬ እስኪዝል ቀዘፍኩ፤ ነፋሱ ወደ ዳር መለሰኝ። ሁለተኛም ሦስተኛም መለሰኝ። ጩኸቴን ሰምተው አራሾች ገመድ ይዘው እየሮጡ መጡ። ዋና የሚችል ግን አልነበረም፤ የወረወሩት ገመድም ግማሽ መንገድ አልደረሰም። አንደኛው ሽማግሌ ገመዱን ጥለው መሬት ላይ ተቀመጡና፣ «አባቴ፣ አባቴ» እያሉ አለቀሱ። የጋሼን ስም እንኳ አያውቁም ነበር። ሁላችንም ቆመን እያየን ውሃው ዝም አለ። አስከሬናቸው የተገኘው በማግስቱ ነው።

ለቅሶ ላይ ባለቤታቸው እጄን ይዘው፣ «በመጨረሻ ምን አሉሽ?» ብለው ጠየቁኝ። አንዲት ቃል ብቻ ነበረች፤ ነገርኳቸው። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሰዉ ሁሉ፣ «ቃላቸውን አክብረሽ ቀረሽ፤ ደግ አደረግሽ» እያለ ያጽናናኛል። ሊያጽናናኝ ብሎ ስለሆነ መልስ አልሰጥም።

ጋሼ፣ ለእርስዎ ግን ዝም አልልም። አፈሩ ይቅለልዎት፤ ነፍስዎን በደጋጎቹ አጠገብ ያኑርልን። ቃልዎን አክብሬ የቀረሁ እንዳይመስልዎት። ተንሳፋፊው ወደ ኋላ ስለሚሄድ ጀርባዬን ሰጥቼዎት ነበር የምቀዝፈው፤ ትቼዎት የሄድኩ መስሎዎት ይሆናል። መጥቼ ነበር፤ መድረስ አቃተኝ።