አንጎሉን ማን ቀደደው?

እትዬ ምላጭ ያሏት በከንቱ አይደለም። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ላቦራቶሪው ውስጥ፣ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ የካትልፊሽ አንጎል በሰም እያስያዘች ከፀጉር አሳስታ ስትቆርጥ ኖራለች። ካትልፊሽ አሥር ክንድ ያለው፣ የቆዳውን ቀለም በቅጽበት የሚቀያይር የባሕር እንስሳ ነው። ሹፌር ባሏ፣ "የሚስቴ ሥራ ዓሣ መላጨት ነው" እያለ ይቀልድባታል። "ዓሣ አይደለም አልኩህ!" ትለዋለች፤ እሱ መች ሰምቶ!

እሷ ግን እንስሳውን አብጠርጥራ ታውቀዋለች። ቁራጭ ቆዳው ላይ ግሉታሜት የሚባል የነርቭ ኬሚካል ጠብ ስታደርግበት ጡንቻዎቹ ይኮማተሩና የቀለም ከረጢቶቹ ቦግ ብለው ይከፈታሉ። ሴሮቶኒን የሚባል ሌላ ኬሚካል ስታስከትልበት ደግሞ ኩምሽሽ ይላሉ። "አንዱ ያስቆጣዋል፣ አንዱ ያባብለዋል፤ በቃ" ብላ ትገላገላለች።

ዘንድሮ አዲስ ኃላፊ መጣ፤ ትምህርቱን ሁሉ በአይጥ አንጎል ላይ የጨረሰ ወጣት ዶክተር። የአንጎል ቁራጮቹን የለጠፈችባቸውን መስታወቶች በማይክሮስኮፕ አየና ፊቱ ጠቆረ።

"እትዬ፣ ሁሉም መሃላቸው ተቀዷል እኮ። እጅዎ መንቀጥቀጥ ጀምሯል መሰለኝ።"

በማግስቱ ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤ ጠበቃት፦ ከሰኞ ጀምሮ ወደ ዕቃ ግምጃ ቤት ተዛውረዋል።

አቤት ንዴቷ! የኔ እጅ? የኔ? ያን መስኮት ሥር ያለ ወንበሯን ከመልቀቅ ሞቷን ትመርጣለች። ግን አልጮኸችም። ያልተነካ የካትልፊሽ ጭንቅላት ከብልቃጥ አውጥታ ሳህን ላይ አደረገች፣ ጫፉ በደነዘዘ መርፌ ላይ ቀይ ክር አስገባች፣ ዶክተሩ ቢሮ ገብታ ደብዳቤውን ከሥሩ አድርጋ ሳህኑን ፊቱ አስቀመጠች።

"ጭንቅላቱን ይያዙልኝ፣ ዶክተር።"

መርፌውን በእንስሳው አፍ አስገብታ ቀስ እያለች ገፋችው። ከዚያ አንጎሉን የሸፈነውን ልም አጥንት በመቀስ ከፈተችለት። ክሩ በአንጎሉ መሃል ለመሃል አልፎ በወዲያ በኩል ወጥቷል።

"ጉሮሮው ነው" አለች። "ይሄ ፍጥረት የሚበላው ነገር ሆዱ የሚደርሰው በአንጎሉ መሃል አልፎ ነው። ቀዳዳውን ፈጣሪ ነው የሠራው፤ እኔ እንዳይበላሽ ጠበቅኩት እንጂ አልቀደድኩትም!"

ዶክተሩ ክሩን ወዲያና ወዲህ ጎተት ጎተት አደረገው። ግንባሩን ላብ አጠመቀው።

"አፈርኩ፣ እትዬ" አለ። ደብዳቤውን ከሳህኑ ሥር ስቦ ቀደደው። "እባክዎ ያስተምሩኝ።"

"ሰኞ ሁለት ሰዓት ይምጡ" አለችው፣ ሳህኗን እያነሳች። "ወንበር ግን ይዘው ይምጡ፤ የኔን አልለቅም።"