የግራ እጀታ

ሴትየዋ ሞንታና ውስጥ ካለው የኦርቪል የጠመንጃ መጠገኛ የገባችው ቀኝ እጇን ከካፖርቷ ኪስ ሳታወጣ ነው። ካፖርቷ አንድ ቁልፍ ዘሎ ተቆልፏል፤ የጫማዋ ክር በላስቲክ ተተክቷል። በግራ እጇ የያዘችውን ከፊል አውቶማቲክ ጠመንጃ፣ አፈሙዙን ወደ ግድግዳው አዙራ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«እሜቴ፣ ጠመንጃ ለሰው የሚሰጠው ተከፍቶ፣ ባዶነቱ ታይቶ ነው» አላት ኦርቪል። በዚህ ደንብ ለገዛ ወንድሙም አይራራም።

«ጠፍቶኝ መሰለህ? ያመጣኝ እሱ አይደል! ማቀባበያው በቀኝ ነው፤ ቀኜ ደግሞ ካመመኝ ወዲህ አይታዘዘኝም።»

ኦርቪል ማቀባበያውን ሲስበው አንድ ጥይት ዘሎ ወጥቶ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ሴትየዋ ዓይኗን ጨፈነች።

«ባሌ ከሞተ ጀምሮ ጎርሶ ይሁን ባዶውን ሳላውቅ፣ እኔና እሱ ያለበት ቁም ሣጥን እንደተፋጠጥን ነው የምናድረው» አለች። «ሰው እንዳልጠራ፣ ጠመንጃ መክፈት አቃታት እባላለሁ።»

ኦርቪል አፉ ላይ የደረሰውን ቀልድ ዋጠ። አሮጌውን የማቀባበያ እጀታ ፈትቶ በግራ በኩል የሚሳበውን ገጠመና «እስቲ ይሞክሩት» አላት።

በግራ እጇ ሳበችው። ያለ ችግር ተከፈተ። አጎንብሳ ውስጡን አየች፤ ደግማ አየች። ተሰቅሎ የኖረው ትከሻዋ ወረደ።

«ባዶ ነው» አለች፣ ፊቷ በርቶ።

ኦርቪል እንደ ደንቡ ሊያይ አንገቱን ሲያሰግግ በክርኗ ገፋ አደረገችው። «ተወው ወንድሜ፤ እኔ አይቼዋለሁ።»

ኦርቪልም፣ ጠመንጃ ከነካ ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሳያይ አመነ።