አክስቴና የማይገለበጠው ሲዲ

ባለፈው ክረምት ባለቤቴ ከአባቷ ቤት አንድ አሮጌ ሲዲ ማጫወቻ ወደ ዲላ ይዛ መጣች። ከመጀመሪያዎቹ ዓይነት ስለሆነ እንደ ድንጋይ ይከብዳል። ቁልፉን ስንጫነው የሲዲው መሳቢያ ግማሹ ወጥቶ ቆመ። ባለቤቴ ክዳኑን ፈታችና መሳቢያውን የሚስበውን የላላ ጎማ አውጥታ በቀጭን ላስቲክ ተካችው። መሳቢያው ሹልክ ብሎ ወጣ።

በዚያው ቀን አክስቴ ከጪጩ ሊጠይቁን መጡ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካሴት ሲያገላብጡ የኖሩ ሴት ናቸው። የጌዴኦኛ መዝሙር ከፈትንላቸው። ሲያልቅ ብድግ ብለው ሲዲውን ገለበጡት። ማጫወቻው ላይ ሲዲ የለም የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ በራ።

«አበላሸሁት እንዴ?» አሉ ደንግጠው።

«ኧረ አክስቴ፣ የሚዘምረው በአንድ ገጹ ብቻ ነው። የሚወዱትን መዝሙር ግን በቁጥሩ ይጠሩታል» ብዬ ሲዲውን ወደ ትክክለኛው ገጹ መልሼ ሪሞቱን ሰጠኋቸው።

«ማጠንጠን የለም?»

«የለም።»

አምስት ቁጥርን ተጫኑ፤ መዝሙሩ ወዲያው ጀመረ። ባለቤቴ የመድገሚያውን ቁልፍ ስታሳያቸውማ ያንኑ መዝሙር እስኪመሽ አስደጋገሙት። እኛም ተነሥተን አብረናቸው አጨበጨብን። ጎረቤቶቻችን የጸሎት ፕሮግራም ያለ መስሏቸው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ይዘው መጡ።