ያጠብኩት ጀሪካን

በዚያ ጧት መካነ ሰላም ካለው ቤቴ ደጃፍ የነበርነው አምስት ሰዎች ነን። እኔ ነበርኩ። ባለመኪናው ታናሽ ወንድሜ ነበር። ለመንገዳችን ዱአ ሊያደርጉልን የመጡት፣ በሰፈራችን ልጆችን ቁርኣን እያስቀሩ የሚያስተምሩት ሸኽ ነበሩ። ቆይቶ መካኒኩ መጣ፤ ከእሱ በኋላ ደግሞ ቤንዚን የሸጠልን ሰው ተጠርቶ መጣ። ሁሉንም የምጽፈው ጥፋቱ ከአምስታችን የማን እንደነበረ እንዲታወቅ ነው።

በዋዜማው ከሰዓት በኋላ ልጄ ደውላልኝ ነበር። ዓረብ አገር ከሄደች አራት ዓመቷ ነው።

«እማ፣ ደሴ ነኝ» አለችኝ። የዚያ አገር ፖሊሶች ይዘው እንደመለሷቸው፣ ስልኩንም አብራት የመጣች ሴት እንዳዋሰቻት በጥድፊያ ነገረችኝ። «ባዶ እጄን፣ ብቻዬን መካነ ሰላም አልገባም። ነገ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መናኸሪያው በር ላይ እጠብቅሻለሁ። ካልመጣሽ እንዳልፈለግሽኝ አውቃለሁ።»

ለምን እንዲህ እንዳለችኝ ገብቶኛል። ከወራት በፊት «ልመለስ ነው» ስትለኝ፣ «ትንሽ ቻይው ልጄ፣ ሰው ምን ይላል» ብያት ነበር።

እኔ በጧቱ አውቶቡስ ልሂድ ብዬ ነበር። ወንድሜ ግን ሳቀብኝ። «እታለም፣ አውቶቡሱ በየመንደሩ ሲቆም እኔ ደሴ ደርሼ ምሳዬን በልቼ እጄን እታጠባለሁ» አለኝ። ማደያው ቤንዚን ስላልነበረው ከቸርቻሪ ሊገዛ ንጹሕ ጀሪካን ጠየቀኝ። ያለኝ የዘይት ጀሪካን ነው። የቀረው ዘይት ሞተሩን እንዳይጎዳ ፈርቼ በፍል ውሃና በሳሙና አጠብኩት። ሲነጋ ሳሸተው ሳሙና ሳሙና አለኝ። ሳሙናውም እንዳይጎዳው ብዬ እንደገና አለቀለቅሁት። ገልበጥ አድርጌ አራገፍኩና ሰጠሁት። እጀታው ውስጡ ክፍት እንደሆነ፣ ውሃ እንደሚይዝ፣ አላሰብኩም።

ወንድሜ ቤንዚኑን ይዞ መጥቶ ቀዳ። ሸኹ ዱአ አደረጉ፤ አሚን አልን፤ ገባሁ። ሞተሩ ተነሣ። ከደጃፋችን እስከ ጎረቤት አጥር እንኳ ሳይደርስ ሁለት ጊዜ እንደማሳል ብሎ ጠፋ። ከዚያ በኋላ ወንድሜ ቁልፉን ባዞረ ቁጥር ይጮኻል እንጂ አይነሣም። አውቶቡሱ ወጥቶ ነበር።

መካኒኩ ሲመጣ መጀመሪያ ባትሪውን አየ። ደህና ነው አለ። ቀጥሎ ግፉ አለን። ሸኹም ጋቢያቸውን ወደ ትከሻቸው ሰብስበው ከኋላ ቆሙ።

«ሸኻችን፣ ከዱአው ይልቅ ጉልበትዎን ጨመር ያድርጉልን!» አላቸው መካኒኩ።

«ዱአው ባይኖር አንተስ ትመጣ ነበር?» አሉት።

ገፋን፤ አልተነሣም። ተመልሼ ባዶውን ጀሪካን ከመሬት ሳነሣ ከእጀታው ጠብታ ወርዶ መዳፌን ነካኝ። ቤንዚን እጅ ላይ ሲፈስ ያቀዘቅዛል፣ ወዲያውም ይደርቃል። ይህ ግን አልደረቀም። ያን ጊዜ አወቅሁ።

ግን አልተናገርኩም። አራተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ሴት ስለ ሞተር ምን አውቃለሁ አልኩ ለራሴ። እውነቱ ግን ፈርቼ ነው። የገዛ ልጇን መንገድ አበላሸች እንዳልባል ፈራሁ። መካኒኩ ለሞተሩ እሳት የሚሰጡትን ካንዴላዎች አንድ በአንድ ፈትቶ፣ ጠርጎ፣ መልሶ ሲያስር ጀሪካኑን ይዤ ቆሜ አየሁት። ፀሐይዋ ከፍ እያለች ሄደች።

በመጨረሻ የነዳጁን የጎማ ቱቦ ነቅሎ በላስቲክ ጠርሙስ ቀዳ። ቤንዚኑ ከላይ፣ ውሃው ከታች ተለያይተው ቆሙ።

«ይቺ መኪና ውዱእ አድርጋለች እኮ! የቀራት ሶላት ነው» አለ መካኒኩ።

«አስተግፊሩላህ በል፣ አንተ!» አሉት ሸኹ፤ ፈገግታቸውን ግን አልደበቁም።

ወንድሜ አልሳቀም። ደውሎ ቸርቻሪውን አስጠራው፤ ገና ሲደርስ አንገቱን ያዘው። «ውሃ ትሸጥልኛለህ? ከምንጭ ቀድተህ ነው?»

«ወላሂ አልጨመርኩም! ከዚያው በርሜል የቀዳሁለት ባጃጅ ይኸው ሲሄድ ውሏል!»

«ልቀቀው» አልኩ። «እኔ ነኝ። ጀሪካኑን አጥቤው ነበር።»

ሁሉም ዞረው አዩኝ። መካኒኩ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ታዲያ እኔ ከጧት ጀምሮ ካንዴላ ስፈታ ምን ትጠብቂ ነበር፣ እትዬ?» አለኝ። ቸርቻሪውን አውፍ በለኝ፣ ይቅር በለኝ አልኩት። ኮሌታውን እያስተካከለ ሄደ፤ ግን ሌላ ቤንዚን በራሱ ጀሪካን ይዞ ተመለሰ።

«አብሽሪ ልጄ፣ ኸይር ይሆናል» አሉኝ ሸኹ።

ውሃው ከነቤንዚኑ ተደፍቶ፣ አዲሱ ተቀድቶ፣ ሞተሩ ሲነሣ አምስት ሰዓት ሆኗል። ወንድሜ እስከ አቀስታ ሳይቆም ነዳ። ጉጉፍቱ ደጋው ላይ ጉም ወርዶ ስለነበር እንደ እግረኛ ነው የሄድነው። ዘጠኝ ሰዓት የሆነው እዚያ ጉም ውስጥ ነው። የሴትየዋን ስልክ ደጋግሜ ደወልኩ፤ ዝግ ነው።

መናኸሪያው ስንደርስ አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። በሩ ላይ ሻይ የምትሸጥ ሴት አስታወሰቻት። «ጥቁር ጅልባብ የለበሰች፣ ሰማያዊ ሻንጣ የያዘች ናት? ከመካነ ሰላም በኩል መኪና በገባ ቁጥር ብድግ ትል ነበር። ሻይ ልስጥሽ ብላት፣ እናቴ ስትመጣ አብረን እንጠጣለን አለችኝ።»

«መቼ ሄደች?»

«አሥር ሰዓት ላይ። ባቲ ከሚሉት መኪኖች በአንዱ ገባች።»

ዘጠኝ ሰዓት ብላኝ እስከ አሥር ቆይታለች። ከባቲ ወዲያ ያለው መንገድ በበረሃ ወደ ባሕሩ፣ ተመልሶም ወደ ዓረብ አገር እንደሚያወርድ ደግሞ የእኛ አገር እናት ሁሉ ታውቀዋለች። ወንድሜ ያንኑ ምሽት ባቲ ወርዶ ጠየቀ፤ በማግሥቱም ጠየቅን። ያያት አላገኘንም። እስከ ዛሬም አልደወለችም።

ልጄ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው። ጠይም ናት፤ ስትናገር ቀስ ትላለች፤ ከግራ ቅንድቧ በላይ የቃጠሎ ጠባሳ አላት። በባቲ፣ በሚሌ፣ ወይም ከዚያ ወዲያ ያያት ሰው ካለ፣ እናትሽ መጥታ ነበር በሏት። የደህንነቷንም ወሬ ላኩልኝ።