ሸንኮራ የጨመቅንበት በጋ

ታላቅ ወንድሜ አዋሽ ዳር ካለው የስኳር ፋብሪካ ሲመለስ፣ እኔ ቢቸና ላይ አረቄ እያወጣሁ የምተዳደር፣ ባሌ የሞተብኝ ሴት ነበርኩ። ስድስት ዓመት ሙሉ ወሬውን የሰማነው በሰው በሰው ነው። አንድ የገበያ ቀን ከጭነት መኪና ወርዶ ደጄ ላይ ሲቆም መጀመሪያ አላወቅሁትም። ከስቷል፤ ከግራ እጁ ሁለት ጣቶች የሉም። ማሽን እንደወሰዳቸው የነገረኝ ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያውም እኔ ጠይቄው ሳይሆን፣ ውኃ ሳስታጥበው ዓይኔ እጁ ላይ መቅረቱን አይቶ።

"ጣቴን ቢወስድም ሥራውን አስተምሮኛል" አለኝ። "ሞጣ ቆላው ላይ የእናታችን ርስት አለ አይደል? ሸንኮራ አለበት። እዚያው እንጨምቀውና ስኳር እናወጣለን።"

"በምን ልትጨምቀው?"

"በበሬ።"

እኔ ሳቅሁ። እሱ አልሳቀም። ጥምቀት እንዳለፈ አረቄ ማውጫዬን በአህያ አስጭኜ ተከተልኩት።

የሞጣ አናጢ ሁለት ወፋፍራም ግንዶችን አለዝቦ፣ ጫፋቸው ላይ ጥርስ አውጥቶ፣ ጎን ለጎን አቆመልን። ከአንደኛው ግንድ ረጅም ምሰሶ አግድም ወጣ፤ በሬው ምሰሶውን እየጎተተ ሲዞር ግንዶቹም ተያይዘው ይዞራሉ። ወንድሜ አገዳውን በመሐላቸው ይሰድዳል። እጁን ወደ ግንዶቹ ባስጠጋ ቁጥር ፊቴን አዞር ነበር። ጭማቂው አረንጓዴ ሆኖ ሲንዠቀዠቅ ግን ሁለታችንም እንደ ሕፃን በእፍኛችን ቀድተን ጠጣን።

ችግሩ ማገዶ ነበር። ለሁለት በተሰነጠቀ በርሜል ጭማቂውን ቀኑን ሙሉ ማፍላት ያስፈልጋል፤ የሰበሰብነው እንጨት በሦስተኛው ቀን አለቀ። ወንድሜ ድንበራችን ላይ የቆመውን ትልቅ ወይራ ማየት ጀመረ። ጎረቤታችን ሽማግሌ ቄስ ነበሩ። ዓይኑ የት እንዳረፈ አይተው መጡና፣

"ይህ ዛፍ ለእኔ አባት ለእናንተም አያት ጥላ የሆነ ነው። ለስኳር ብላችሁ ምሳር አታንሱበት" አሉን።

"አናነሳም አባ" አልኳቸው እኔ ፈጥኜ።

ያን ቀን ወንድሜ የተጨመቀውን አገዳ ክምር በእግሩ እየገፋ፣ "ፋብሪካው እኮ እንጨት አይገዛም፤ የሚያነድደው ይህንኑ ገለባ ነው" አለ። አነሣና እሳቱ ላይ ጣለው። ገለባው ገና እርጥብ ስለነበር ጢሱ ዓይናችንን አጠፋው እንጂ አልነደደም። ጭማቂው ሳይፈላ አደረ፤ ጠዋት ሲቀመስ ኮምጥጧል።

ወንድሜ አፈረ። እኔ ግን ኩበት ጠፍጥፌ፣ አድርቄ ያደግሁ ነኝ፤ እርጥብ ነገር ምን እንደሚፈልግ አውቃለሁ። ገለባውን ድንጋይ ላይ በስሱ አሰጣሁት፤ በየቀኑ አገላበጥኩት። በአራተኛው ቀን አንድ እቅፍ ጨመርኩና ነበልባሉ በርሜሉን ዞሮ ሲይዘው ወንድሜ ጮኸ፤ "አንቺ! የፋብሪካውን የእንፋሎት ጋን፣ ቦይለሩን እኮ አስነሣሽው!" አለኝ። ከዚያ ወዲያ ለማገዶ ብለን ቅርንጫፍ አልቆረጥንም።

የኮመጠጠውን ጭማቂ አረቄ አወጣሁበት። ከፈላው ላይ የሚገፈፈውን አረፋና ከአረቄው የተረፈውን አተላ ግን ጉድጓድ ውስጥ እደፋው ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቄሱ በትራቸውን ይዘው እየሮጡ መጡ። በሬያቸው ከጉድጓዱ ጠጥቶ እግሮቹን ዘርግቶ ወድቋል።

"በዐቢይ ጾም! የቄስ በሬ በዐቢይ ጾም አሰከራችሁ!"

በሬው ቢሞት የቤቱ እርሻ ይቆማል። ሦስታችንም ፀሐይ ላይ ተቀምጠን፣ ውኃ እያጠጣን፣ ጀርባውን እያሸን ጠበቅነው። ቄሱ ይጸልያሉ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በሬው አቃሰተ፣ በጉልበቱ ተነሣ፣ ዞር ዞር ብሎ እንዳፈረ ሰው አንገቱን ደፋ። ቄሱ ሳቅ አመለጣቸው። ይቅርታ ስንጠይቃቸው፣ "እሱስ ንስሐውን ገብቷል፤ እናንተ ጉድጓዱን ድፈኑ" አሉን። ያንኑ ዕለት ደፈንነው።

ስኳሩ ግን እንደታሰበው አልሆነም። በርሜሉ ሥር የሚረጋው ጥቁር፣ ጠንካራ፣ የሚያጣብቅ ጓል ነው። ኖራ ጨመርንበት፤ ደጋግመን አጠለልነው፤ አልነጣም። ቢቸና ገበያ ይዤው ስወርድ አንዲት ሴት በጣቷ ነካ አድርጋ፣ "ጭቃ ነው ወይስ ሙጫ?" አለችኝ። ተመልሼ ይህን ስነግረው ወንድሜ ጓሉን በእጁ አገላበጠው።

"ስድስት ዓመት ማሽኑን አገዳ ነው ያጎረስኩት" አለ። "የሚነጣው ሌላ ቤት ውስጥ ነበር። እዚያ ገብቼ አላውቅም። የማውቅ መስሎኝ ነበር እኮ።"

አጠገቡ ተቀመጥኩ። ከተመለሰ ጀምሮ ልቡን ሲከፍትልኝ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ከችግሩ ያወጡን ቄሱ ናቸው። በጋው ጸንቶ፣ ሳር ደርቆ፣ ከብቱ ሁሉ አጥንቱ ወጥቶ ነበር። መጥተው ቆሙና፣ "ያ የማያሰክረው ጣፋጫችሁ ጭድ ላይ ቢረጭ በሬ ይበላው ይሆን?" አሉ። ወንድሜ ቀና አለ። ፋብሪካው የስኳሩን ዝቃጭ፣ ሞላሰስ የሚሉትን፣ ለከብት አርቢዎች ይሰጥ እንደነበር ትዝ አለው። ማፍላቱን ግማሽ ላይ አቆምን፤ ወፍራሙን ጭማቂ በውኃ አቅጥነን የጤፍ ጭድ ላይ ረጨነው። የቄሱ በሬ ጭዱን ጨርሶ መሬቱን ላሰ። በሳምንቱ ከማዶ ከአራት ቤት ሰው ሊገዛ መጣ፤ በኋላማ ሸንኮራቸውን ተሸክመው እየመጡ ራሳቸው ያስጨምቁ ጀመር።

እኔ ለፋሲካ ቢቸና ተመለስኩ። ወንድሜ እዚያው ቀረ፤ የቄሱን የእህት ልጅ አገባ። መጭመቂያው ሁለት በጋ ሠርቶ ጥርሱ አለቀ፤ ሌላ አስጠረበ። ነጭ ስኳር ዳግመኛ አልሞከረም። ሊጠይቀኝ በመጣ ቁጥር ስለ ከብቶቹ፣ ስለ ጭዱ፣ ስለ ሚስቱ ሲያወራ ያመሻል። ስለ ፋብሪካው ግን እኔም አልጠየቅሁት፤ እሱም አላነሣልኝም።