ስምንት ደቂቃ ያለ ቃል

እህቴን በአሥራ አንድ ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛት። ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን አልተመለሰም። አባቴ ከደብረ ታቦር ዳር ባለች ቤተ ክርስቲያን የዜማ መምህር ናቸው። እሷም ሳትታመም በፊት ከተማሪዎቻቸው መካከል ቁጭ ብላ ዜማ ትማር፣ እንደነሱም «የኔታ» ትላቸው ነበር። ከታመመች ወዲህ ከጉባኤው ቀረች። «አባባ» ብቻ ሆኑላት።

እኔ ከተማ ውስጥ ፎቶ ኮፒ ቤት እሠራለሁ። የጃፓን ካርቱን ማውረድ የለመድሁት እዚያ ነው። ላወጋችሁ ያሰብሁት ተከታታይ ቫዮሊን ስለምትጫወት ልጅ የሚተርክ ነው። የካርቱኑ ወዳጆች በየሳምንቱ ንግግሩን ከምስሉ ግርጌ በእንግሊዝኛ እየጻፉ በነፃ ይለቁታል፤ እኔ ደግሞ የነሱን ወደ አማርኛ እመልስና ለእህቴ በፍላሽ ይዤ እገባለሁ። እንግሊዝኛዬ እንደ ነገሩ ነው። ያልገባኝን ቦታ ከራሴ ስሞላ ኖሬአለሁ፤ እግዜር ይቅር ይበለኝ። ሌላም ብዙ ካርቱን አምጥቼላት ነበር፤ የወደደችው ግን ይህንኑ የሙዚቃውን ነው። ለምን ብዬ ለመጠየቅ ፈርቼ ተውሁት።

ጣጣው ልጅቷ ቫዮሊኑን ስታነሳ ነው። ወዳጆቹ «ሙዚቃ» ብለው ያልፉታል፤ እኔም እንደነሱ ጻፍሁ። እህቴ ፊልሙን አቁማ ዞረችብኝ።

«ምን ዓይነት ሙዚቃ?»

በሚቀጥለው ሳምንት «የሚያሳዝን ሙዚቃ» ብዬ መጣሁ።

«ሐዘኑንማ ፊቷ ላይ አየሁት። ድምፁን ነው የጠየቅሁህ!»

የመጨረሻው ክፍል ሲወጣ ደግሞ ባሰ። ልጅቷ ከንግዲህ አትችልም ባሏት ሰዎች ፊት ቆማ ስምንት ደቂቃ ሙሉ ትጫወታለች፤ አንድም ሰው አይናገርም። እህቴ አስቀድማ «እዚያም ላይ ሙዚቃ ብለህ ከጻፍህ አላየውም» ብላኛለች። ካለች አለች ናት። እኔን ያስፈራኝ ግን ብታየውስ የሚለው ነበር። ሁሉም በሚሰማበት ቤት እሷን ብቻ ደጅ የማስቀምጣት መሰለኝ፤ አንጀቴን በላችኝ።

ቢቸግረኝ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ላፕቶፑን ይዤ አባቴ ዘንድ ገባሁ።

«እነዚህ ዓይናቸው ሰፌድ የሚያክል ልጆች ደግሞ ምንድን ናቸው?» አሉ።

ለማን እንደሆነና ምን እንደጎደለ ነገርኋቸው። ማዳመጫውን ከጥምጥማቸው በላይ ሊያደርጉት ታገሉ፤ እምቢ ሲላቸው ጥምጥሙን አወለቁ። ሦስት ጊዜ ሰሙት። በሦስተኛው መቋሚያቸው መሬቱን መታ መታ ሲያደርግ አየሁ።

«ወረቀት አምጣ» አሉኝ። «ቅዱሱን ቃል ለካርቱን አልሰጥም። የምልክቱን ስም ግን ጻፍ።»

በዜማ መጽሐፎቻችን ከቃሉ በላይ የሚጻፉ ትናንሽ ምልክቶች አሉ፤ ድምፅ የት እንደሚወጣና የት እንደሚወርድ የሚናገሩት እነሱ ናቸው። እህቴ ገና ሳትታመም አብጠርጥራ ታውቃቸው ነበር። አባቴ እየሰሙ ደቂቃና ሴኮንዱን ጠሩልኝ፤ ድምፁ ወፍሮ ወደ ታች ሲወርድ ደረት፣ ሳይቋረጥ ሲፈስ ሂደት፣ ሲንቀጠቀጥ ርክርክ፣ ሲቆም ቁርጥ። በመሀሉ የቀድሞ ትርጉሜን አዩና «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉኝ። እውነታቸውን ነው።

ሌሊቱን ስሞቹን «ሙዚቃ» በሚለው ፈንታ ከምስሉ ግርጌ አስገባኋቸው። በማግስቱ ከሰዓት በኋላ እህቴ ላፕቶፑ ፊት ተቀመጠች። አባቴ ከኋላዋ መጽሐፍ ገልጠው የሚያነቡ መስለው ነበር፤ ገጹን ግን አንዴም አልገለበጡም። የመጀመሪያው ቃል «ደረት» የሚል ነው። እህቴ አነበበችውና መዳፏን ደረቷ ላይ አደረገች። ከዚያ ወዲያ ፊቷን ማየት አልቻልሁም።

አምስተኛው ደቂቃ ላይ አቆመችው።

«እዚህ ጋ ስህተት አለ» አለች። «ርክርክ ይላል። የልጅቷን ጣት እዩት እስቲ፤ መች ተንቀጠቀጠ? የሚንቀጠቀጠው የቫዮሊኑ ቀስት ወደ ላይ ሲመለስ ነው።»

አባቴን የሚያርም ሰው እስከዚያ ቀን አላየሁም። አንዲት ምልክት የሳተ ተማሪ መቋሚያቸውን ቀምሶ ነው የሚያድር። ቶሎ ብዬ «እኔ ነኝ አሳስቼ የጻፍሁት» አልሁ። ወረቀቱ ግን በገለጡት መጽሐፍ መሀል እጃቸው ላይ ነበር፤ የተጻፈውም እሳቸው እንዳሉት ነው።

ጥምጥማቸውን እንደገና አወለቁ። ማዳመጫውን አደረጉና ያንን ቦታ ሁለት ጊዜ ሰሙት። ከዚያ ከንፈራቸውን እንድታነብ ፊት ለፊቷ ተቀመጡ።

«ልክ ነሽ። እኔ ቀድሜአለሁ።»

«እንግዲያው ያርሙት፣ የኔታ» አለች።

ከታመመች ወዲህ በዚህ ስም ጠርታቸው አታውቅም። አባቴ ወደ እኔ ዞሩና «እስኪርቢቶ አምጣ» አሉኝ። እስኪርቢቶው እጃቸው ላይ ነበር።